የክለባችን ባለቤት ያደሙበት የውድድር ዘመን

የእግር ኳስን እድገት ከልቡ የሚሻ ሰው ሁሉ፣ ክለባችን ባለፈው የውድድር ዘመን ለውል አተረጓጎም ያበረከተውን አስተዋፅኦ ቆሞ ሊያመሰግን ይገባል። ሌሎች ክለቦች ዋንጫ ይሰበስባሉ። የእኛ ክለብ ግን ዋንጫ የትም አይጠፋም ብሎ፣ ማንም ያላሰበውን ጥያቄ አንስቶ የማያዳግም መልስ ሰጥቶበታል። ጥያቄው «በረኛ ኳስ ለመያዝ ሲዘል ሜዳ ላይ ነው ወይስ አይደለም?» የሚል ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደጋፊው «መዝጊያው» እያለ የሚጠራው በረኛችን፣ በአንድ ጨዋታ የመጨረሻ ደቂቃ ላይ ወደ ጥግ የሄደች ኳስ ተወርውሮ ሲያወጣ በቀኝ ትከሻው ከግቡ ብረት ጋር ተላተመ። ነጥቧን አዳናት፣ ትከሻው ግን ወለቀ። ሐኪሙም በሁለት ወር ውስጥ ቀዶ ሕክምና ካልተደረገለት ክንዱ ከጆሮው በላይ እንደማይወጣ ቁርጡን ነገረው። ክንዱ ከጆሮው በላይ የማይወጣ በረኛ እጁን ኪሱ ከትቶ ቢቆምም ልዩነት የለውም። ሰውዬው ደግሞ በሠላሳ ዓመቱ ከዚህ ሌላ ሙያ አያውቅም። ውሉን አጣጥፎ ወደ ክለቡ ባለቤት ቢሮ ሄደ።

ባለቤቱ የፍራሽ ፋብሪካ ጌታ ናቸው። መነጽራቸውን ጠርገው ውሉን ከላይ እስከ ታች አነበቡት።

«አንቀጽ ዘጠኝ፣ ‹ሜዳ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ክለቡ ያሳክማል› ነው የሚለው።»

«አዎ ጋሼ። እኔም ሜዳ ላይ ነው የተጎዳሁት።»

«ከብረቱ ጋር ስትላተም እግርህ መሬት ነክቶ ነበር?»

«እንዴት ይነካል? ዘልዬ ነበራ!»

«በለው! አየር ላይ ነበርክ ማለት ነው። ስለ አየር ውሉ ምንም አይልም።»

«ታዲያ ሳልዘል ኳሱን እንዴት ልያዘው?»

«እሱ የሙያ ጥያቄ ነው። አሰልጣኙን ጠይቅ።»

መዝጊያው በማግስቱ ልምምድ ቀረ። ትከሻው እስኪታከም ሜዳ እንደማይረግጥ የሚገልጽ ሦስት መስመር ደብዳቤ ላከ። ተጠባባቂው በረኛም ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ «እውነቱን እኮ ነው» ሲል ስለተሰማ፣ የአመለካከት ጉድለት ተገኝቶበት ከቡድኑ ተለየ። በረኛ የለንም ብለን ስንጨነቅ፣ አርቆ አሳቢው ባለቤታችን የፋብሪካቸውን ዘበኛ በዝውውር አመጡልን። ዘበኛው በአሥራ አራት ዓመት አገልግሎቱ አንዲት ፍራሽ ጠፍታበት አታውቅም። ይህን ያህል የጥበቃ ልምድ ያለው በረኛ በሊጉ ውስጥ አልነበረም።

ሰባት ለባዶ ተሸነፍን። ዘበኛውን ግን በሥራ ማጓደል የሚከሰው የለም። እያንዳንዷ ጎል ስትቆጠር ከካልሲው ውስጥ ደብተር አውጥቶ ይመዘግብ ነበርና፣ በማግስቱ የተሟላ ሪፖርት አቀረበ። «ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ሁለት፣ አንዲት ኳስ ያለ ፈቃድ ገብታለች። ቁሚ ብትባልም አልቆመችም።» ስድስቱም ተከታይ አንቀጾች ከሰዓቱ በቀር አንድ ዓይነት ነበሩ። ባለቤቱ ሪፖርቱን ለሌሎች ተጫዋቾች በአርአያነት አስነበቡት።

በሦስተኛው ሳምንት ወራጅ ቀጠና ውስጥ ገባን። የደጋፊዎች ማኅበር ሊቀመንበር የሆነው ፀጉር አስተካካይ እኔንና ሁለት ሽማግሌዎችን አስከትሎ ቢሯቸው ገባ።

«ጋሼ፣ በፈጠረዎት፣ ያንን ልጅ ያሳክሙት። ልንወርድ ነው።»

ባለቤቱ ፊታቸው ተለዋወጠ። «እሱ ስለቀረ ነው ይሄ ሁሉ ልመና? እኔ ብቀርስ?»

ፀጉር አስተካካዩ ሊመልስ አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። እኛም ጫማ ጫማችንን አየን። ባለቤቱ ዝምታችንን ድንጋጤ ነው ብለው ተረጎሙት፤ ውል በተረጎሙበት ብልሃት መሆኑ ነው።

«እንግዲያው እኔም አድሜያለሁ!» አሉና እዚያው ፊታችን ደብዳቤ ጻፉ። «ከዛሬ ጀምሮ ቢሮ አልገባም፣ ሜዳ አልወጣም። ተለምኜ እስክመለስ ድረስ ያለ እኔ የሚሆን ከመሰላችሁ የክለቡን ሥራ ሁሉ ራሳችሁ ሥሩት!» ፈረሙበት፤ ማኅተሙንም በንዴት ሁለቴ መቱበት፤ ማኅተሙን ጠረጴዛው ላይ ወርውረው ወጡ።

ባለቤቱ ያላሰቡት ነገር ቢኖር ጸሐፊዋን ነው። ይህች ሴት በሃያ ዓመት የቢሮ ሕይወቷ የሰው ቁጣ አስደንግጧት አያውቅም፤ ፊርማና ማኅተም ያለበትን ወረቀት ግን እንደ ሕግ ታከብራለች። ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ቁጥር ሰጠችው። ከዚያም «ውክልና» የሚለው ፋይል ውስጥ አስገባችው።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አላት ፀጉር አስተካካዩ።

«የክለቡን ሥራ ሁሉ ራሳችሁ ሥሩት ብለዋል። ሁለት ማኅተም አለው፣ አንዱ እንኳ ይበቃ ነበር። የልጁ የሕክምና ወረቀት የት ነው?»

ወረቀቱ ከመሳቢያው ተገኘ። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ተፈርሞበት ሆስፒታል ገባ። መዝጊያው በዚያው ሳምንት ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ተጠባባቂው በረኛ የአመለካከት ጉድለቱን እንደያዘ ወደ ሜዳ ተመለሰ፤ ዘበኛውም በክብር ወደ ፍራሾቹ ሄደ።

አንድ ሌላ ያልጠበቅነው ችግርም ገጠመን። ባለቤታችን በእረፍት ሰዓት ልብስ መቀየሪያ ክፍል እየገቡ ንግግር የማድረግ ልማድ ነበራቸው። እረፍቱ አሥራ አምስት ደቂቃ ነው፣ ንግግሩ አሥራ አራት። አሁን ተጫዋቾቹ አሥራ አምስቱን ደቂቃ ምን እንደሚያደርጉበት ግራ ገባቸው። የመጀመሪያው ቀን ተፋጠው ዋሉ። በሁለተኛው ጨዋታ ውኃ ጠጡ። በሦስተኛው አሰልጣኙ ድፍረት አግኝቶ ስለ እግር ኳስ ተናገረ። ከዚያ በኋላ አምስት ጨዋታ በተከታታይ አሸነፍን።

ባለቤቱ በዚህ ጊዜ ሁሉ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ክራቫት አስረው ሳሎን ተቀምጠው ለማኝ ይጠብቁ ነበር። የለመዱት ንግግር ጉሮሯቸው ላይ ስለተናነቃቸው ምሳ መሐል ላይ እየተነሱ ስለ ዲሲፕሊን ይናገራሉ። ሚስታቸው በኋላ ለሰፈሩ ሁሉ እንዳወራችው፣ አንድ ቀን ትዕግሥቷ አልቆ ጠይቃቸዋለች።

«አንተ ሰውዬ፣ መቼ ነው የሚለምኑህ?»

«እየተማከሩ ነው።»

«ሁለት ወር ሙሉ?»

«ከባድ ውሳኔ ነው፤ አትቸኩዪ።»

የመጨረሻው ጨዋታ ላይ መዝጊያው ተመለሰ። ከጨዋታው በፊት ቀኝ ክንዱን ከጆሮው በላይ፣ ሰማይ ድረስ አንስቶ ሰላም አለን። እኔ ሃምሳ ዓመት የሞላኝ ሰው ነኝ፤ ሳልደብቅ አለቀስኩ። በሊጉ ቆየን።

በማግስቱ እቅፍ አበባ ይዘን ወደ ባለቤቱ ቤት ሄድን። መዝጊያውና ጸሐፊዋም አብረውን ነበሩ። በሩን ራሳቸው ከፈቱት።

«መጣችሁ?» አሉ ክራቫታቸውን እያስተካከሉ።

ፀጉር አስተካካዩ የተጻፈ ንግግር አወጣ። «የተከበሩ የክለባችን ባለቤት፣ እርስዎ በጽናት በመቅረትዎ ክለባችን ያስመዘገበው ውጤት በታሪኩ አቻ የለውም...»

«በቃ፣ በቃ፣ ይቅር ብያለሁ። ሰኞ ልጀምር?»

«የለም ጋሼ። የመጣነው ለሌላ ሁለት ዓመት እንዲያራዝሙልን ልንለምን ነው።»

«ምኑን?»

«መቅረቱን።»

ባለቤቱ ወደ መዝጊያው ዞሩ። «ስለ አንተ በስንት ጊዜህ ነው የለመኑኝ?»

«በሦስት ሳምንቴ፣ ጋሼ። ያውም አንዴ። እርስዎን ግን አበባ ይዘው፣ ለሁለት ዓመት ነው የሚለምኑዎት።»

ይህ አነጋገር ልባቸውን አሞቀው። ያዘጋጀነውን ውል ተቀብለው እስክሪብቶ አወጡ። ግን ነጋዴ ናቸውና ቀና አሉ። «ውል ያለ ቅጣት ውል አይባልም። ክለቡ ለተጫዋቾቹ የገባውን ግዴታ ቢያጓድል፣ እኔ ባለቤቱ ስሜ ሲጎድፍ ዝም ብዬ ላይ ነው? ቅጣቱ ምንድን ነው?»

ጸሐፊዋ ከኋላ ሆና፣ «እርስዎ በማግስቱ ተመልሰው ሥራ ይጀምራሉ» አለች።

ሁላችንም በአንድ ጊዜ ደነገጥን። ባለቤቱ ድንጋጤያችንን አይተው ረክተው ፈረሙ።

ከዚያ ቀን ወዲህ በክለባችን ቁርጭምጭሚቱ አብጦ ሳይታከም ያደረ ተጫዋች የለም። ባለፈው ሳምንት አንዱ አጥቂያችን ልምምድ ላይ ሁለቴ ቢያስነጥሰው አምቡላንስ ጠራንለት።