ማንም ያልተኛበት አልጋ

የአገሬ ሰው ሆቴል ማደር አይችልበትም። በዚህ የሚከራከረኝ ካለ ይምጣ፤ ጡረታ ወጥቻለሁ፣ ጊዜ ሞልቶኛል። ቤታችን እንግዳ ሲመጣ አልጋችንን ለቀን መሬት የምንተኛ፣ አዲሱን ፎጣ ለእሱ የምናወጣ፣ «በሞቴ» እያልን እስኪታነቅ የምናጎርስ ሰዎች፣ ራሳችን እንግዳ የሆንን ቀን ግን ግራ ይገባናል። ወንበር ሲሳብልን እንደነግጣለን። ሻንጣ ሊይዝልን ከመጣ ሰው ጋር እንታገላለን። አስተናጋጁ ሳህን ሊያነሳ ሲመጣ ቀድመን ደራርበን፣ ፍርፋሪውን ጠራርገን፣ «ይቅርታ አስቸገርንህ» ብለን እናስረክበዋለን። ይሉኝታ የሚሉት ነገር መቼም ቪዛ አይጠይቅም፤ ስቶክሆልም ድረስ አብሮን መጥቶ የመኖሪያ ፈቃድ ያገኘው ከእኛ ቀድሞ ነው።

ይህን የምለው ሰው ለማማት አይደለም። በራሴ ቤት የደረሰ ነገር ስላለ ነው።

ባለቤቴ ወይንሸት በዚህ ከተማ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የሆቴል ክፍል ስታጸዳ ኖራለች። እኔ አውቶቡስ ነጂ ነበርኩ፤ የኔ ሙያ ብዙም አያስወራም፣ መንገዱ ቀጥ ካለ ቀጥ ማለት ነው። የእሷ ግን ጥበብ ነው። ወይንሸት ያነጠፈችው አልጋ ላይ ለመተኛት ድፍረት ይጠይቃል። አንሶላው ተወጥሮ፣ ማዕዘኑ ተቆልፎ፣ ትራሶቹ ለፎቶ እንደተሰለፉ ተማሪዎች ቀጥ ብለው ይጠብቁሃል። ተጋብተን ስንኖር ስንት ሌሊት «እንዳላበላሸው» እያልኩ በጎኔ ብቻ እንደተኛሁ እኔና ፈጣሪ ነን የምናውቀው። ባለፈው ዓመት ጉልበቷ እምቢ አለና እሷም ጡረታ ወጣች።

ልጃችን ሊዲያ እዚሁ ነው ያደገችው። በአማርኛ ስታናግራት በስዊድንኛ ነው የምትመልስልህ፤ ልቧ ግን አማርኛ ነው። ሠላሳኛ የጋብቻ በዓላችንን ምክንያት አድርጋ በአንድ ትልቅ ሆቴል ሁለት ቀን እንድናርፍ ክፍል ያዘችልን። የሆቴሉን ስም አልጠራም፤ ምን አጣላን? ውሃው ዳር የቆመ፣ ከላይ እስከ ታች መስታወት የሆነ፣ ፀሐይ ሲያርፍበት ዓይን የሚያስጨፍን ሕንፃ ነው በቃ። ጣሪያው የወርቅ ቀለም፣ ወለሉ እብነ በረድ፣ ቤት ውስጥ ፏፏቴ! ውጭ ይህ ሁሉ ውሃ እያለ ውስጥ ደግሞ ፏፏቴ ምን ይሠራል ብዬ ብጠይቅ ሊዲያ ሳቀችብኝ። አንድ ነገር ግን ሳትነግረን ቀርታለች። ምድር ቤቱ በሙሉ ካዚኖ ነው።

አስቡት እንግዲህ። እኔ ሃሉንዳ በሚባለው ሰፈር በምንሰበሰብባት ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነኝ። ወጣቶችን ስለ ቁማር የመከርኩ፣ የገሠጽኩ ሰው ነኝ። በዚህ ሆቴል ደግሞ ከሊፍት ወጥተህ ቁርስ ቤት ለመድረስ የግድ በቁማር ማሽኖቹ መሃል ታልፋለህ፤ ሆን ብለው ነው እንዲህ የሠሩት። እኔም አንገቴን ደፍቼ ነው ያለፍኩት፤ በዚህ የተነሳ ማሽኖቹን ባላይም የምንጣፉን ጥለት እስከ ዛሬ በቃሌ ልስልላችሁ እችላለሁ። ወይንሸት አጠገቤ ሆና ያንኑ ምንጣፍ ታያለች፤ እሷ የምታየው ግን በሙያ ነው። ይህን ሁሉ ማን ነው የሚጠርገው፣ ስንት ሰው መድበው ይሆን ትለኛለች።

ወደኋላ ልመለስና፣ የመጣን ቀን ከምንኖርበት ሰፈር ከብሬዴንግ በምድር ውስጥ ባቡሩ ስንጓዝ ወይንሸት ክንዴን ያዝ አድርጋ አንድ ነገር ለመነችኝ። ታዴ፣ አለችኝ፣ እዚያ ስንደርስ የምን ሠራተኛ እንደነበርኩ ለማንም ትንፍሽ እንዳትል። ሃያ ስድስት ዓመት በጓሮ በር ነው ስገባ የኖርኩት። አሁን ሁለት ቀን በፊት ለፊት በር ልግባ፤ ሁለት ቀን ዝም ብዬ ወይዘሮ ልሁን። እሺ ብዬ ማልኩላት። እኔ ወሬ መቋጠር አልችልም፣ ታውቁኛላችሁ፤ ለዚች ግን አፌን እንደምዘጋ ለራሴም ቃል ገባሁ።

በፊት ለፊት በር ገባን። ሰማያዊ ሙሉ ልብሷን ለብሳ፣ ሻንጣውን ለዚያ ዩኒፎርም ለለበሰው ሰው ሳትታገል አስረክባ፣ ቀና ብላ ስትራመድ ብታዩ! እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ሠርጋችን ቀን እንኳን እንዲህ አላማረባትም።

በማግስቱ ጠዋት ታጥቤ ስወጣ ምን ባይ ጥሩ ነው? አልጋው ተነጥፏል። ጨረስክ ወይ ብላኝ እኔ በወጣሁበት በር ገባች፤ ግማሽ ሰዓት ቆየች። ስትወጣ መስታወቱ ያበራል፣ ገላ መታጠቢያው ዝናብ አይቶ የማያውቅ ይመስል ደርቋል፣ ፎጣዎቹ በማሞቂያው ደርቀው ታጥፈዋል። አንቺ ሴትዮ፣ አልኳት፣ ሊያጸዱ ይመጣሉ እኮ! እነሱ ሊሠሩልሽ አይደል የመጣሽው? ተቆጣች። ለዚያች ልጅ በቀን ስንት ክፍል እንደሚሰጧት ታውቃለህ? የኔን ቆሻሻ ደግሞ ታንሳልኝ? ሐበሾች ነበሩ፣ አዝረክርከው ሄዱ ይባልልኝ? ጭራሽ የቆሻሻ ቅርጫቱንም ፕላስቲኩን ለብቻ፣ ወረቀቱን ለብቻ ለይታ በሁለት ከረጢት ቋጠረችው። ሻንጣውም አብሮን ወረደ፤ ፓስፖርትና የወርቅ ሀብል ያለበት ሻንጣ ሆቴል ክፍል ውስጥ ተትቶ አይኬድም፣ ይህም የእሷ ሕግ ነው።

እናም እኔ፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ በአንድ እጄ ሻንጣ እየጎተትኩ፣ በሌላው ሁለት ከረጢት ቆሻሻ አንጠልጥዬ፣ አንገቴን ደፍቼ በካዚኖው መሃል አለፍኩ። አንድ ማሽን ላይ የተቀመጠ ሽማግሌ ቀና ብሎ አየኝና ከንፈሩን መጠጠልኝ። ያለኝን ሁሉ ተበልቼ ጓዜን ጠቅልዬ የምሄድ መስሎት ነው።

ቁርሳችንን በልተን፣ ከረጢቶቹን የሚጣሉበት ፈልገን ጥለን፣ ውሃውን ዳር ዳሩን ስንዞር ውለን ወደ ዘጠኝ ሰዓት ተመለስን። ካርዱን በሩ ላይ ብናስጠጋው ቀይ መብራት። ጠርገን ብናስጠጋው ቀይ። ወይንሸት ተቀብላ ብትሞክር ቀይ። በሩ ከውስጥ ተከፈተና አንድ ግዙፍ ጀርመን ነጭ ጋዋን ለብሶ ብቅ አለ። ጉድ በሉ! ክፍሉ የኛ ነው ስለው፣ ከአንድ ሰዓት በፊት እንደተሰጠው ነገረኝ። ምን ቢጨምርልኝ ጥሩ ነው? በሕይወቴ እንዲህ ያለ ንጹሕ ክፍል ገብቼ አላውቅም አለኝ። ልቆጣ አፌን ከፍቼ ነበር፤ ሚስቴን ሲያመሰግን እንዴት ልቆጣው?

ሬሴፕሽን ወረድን። የቆመው ወጣት ኮምፒውተሩን ነካክቶ፣ በጨዋ አነጋገር፣ ይህ ክፍል ማንም አላደረበትም አለን። ጠዋት ሠራተኛዋ ስትገባ አልጋው አልተነካም፣ ገላ መታጠቢያው ደረቅ፣ ቅርጫቱ ባዶ፣ ዕቃ የሚባል የለም። እንግዶቹ ቁልፍ ወስደው ሳያድሩ ሄደዋል ተብሎ ተመዘገበ፤ ክፍሉም ለሌላ ተሰጠ። አድረናል እኮ ስለው፣ እርግጠኛ ናችሁ? ብሎ ጠየቀን። በዚህ ዕድሜዬ የት እንዳደርኩ እርግጠኛ ነህ ተባልኩ! ደግሞ በካዚኖ ቤት! ከኋላችን የተሰለፉት ሰዎች ፀጥ ብለው ያዳምጣሉ። ፊታቸውን ሳይ ነገሩ ገባኝ፤ ነፃ ማረፊያ ፍለጋ የምንዋሽ መስለናቸዋል።

አንዲት ዓረፍተ ነገር ብናገር እኮ ነገሩ ያልቅ ነበር። ሚስቴ የሆቴል ጽዳት ሠራተኛ ነበረች፣ አልጋውን ያነጠፈችው እሷ ናት ማለት ብቻ። ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሳለች። ግን ምያለሁ። ወይንሸትን አየኋት፤ ሰማያዊ ልብሷን ለብሳ እብነ በረዱን ታያለች። ትናንት ቀና ብላ የገባችው ሴትዮ ዛሬ አንገቷን ደፍታ ቆማለች። ምላሴን ነክሼ መሐላዬን ጠበቅሁ።

ወጣቱ የጽዳት ኃላፊዋን ጠራ። ኡላ የምትባል፣ ፀጉሯ የሸበተ፣ ወገቧ ላይ ቁልፍ ያንጠለጠለች ስዊድናዊት መጣች። ክፍሉን ራሴ ገብቼ አይቼዋለሁ አለች። ሰው አላደረበትም። አንድ ነገር ብቻ ገርሞኛል፤ አልጋው የኛ ሠራተኞች ከሚያነጥፉት ይበልጣል። እንዲህ ያለ ማዕዘን እዚህ ቤት አይቼ አላውቅም። የሠራውን ላመሰግን ልጆቹን አንድ በአንድ ጠየቅሁ፣ እኔ ነኝ የሚል ጠፋ።

ይሄኔ ወይንሸት ቀና አለች። ያን በሆቴል ኮሪደር የተማረችውን፣ ሰዋስው የማያውቀውን ግን ሁሉም ሰው የሚገባውን ስዊድንኛዋን አወጣችው። እኔ ነኝ አለች። ሃያ ስድስት ዓመት ክፍል አጽድቻለሁ። ያንን አልጋ ተኝቼበት ተነስቼ ያነጠፍኩት እኔ ነኝ። አሁን ጀርመኑ ተኝቶበታል፤ እኔ ግን የዚህ ቤት እንግዳ ነኝና ክፍል ስጡኝ። ድምፅዋን ዝቅ አላደረገችም። ከኋላ የተሰለፉት ሁሉ ሰሙ፤ ፏፏቴውም ሳይሰማ አልቀረም።

ኡላ አላመነችም ማለት አይቻልም፤ ግን ባለሙያ ናት፣ ማየት ፈለገች። በካሳ መልክ የመጨረሻው ፎቅ ላይ ያለውን ትልቁን ክፍል ሰጡንና አብራን ወጣች፤ በእሷ ሥር የሚሠሩ ስድስት ልጆችም ተከተሉ። ወይንሸት ኮቷን አውልቃ ለእኔ አቀበለችኝ፣ አንሶላውን ገፈፈች፣ ዘረጋች፣ አጠፈች፣ ቆለፈች። ጉልበቷን እንዳያማት እንዴት እንደምትጎነበስ ጭምር አሳየቻቸው። ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ፤ አንዷ በስልኳ ቀረጸች። ኡላ ማዕዘኑን በጣቷ ዳስሳ፣ እኔ ሠላሳ ዓመት ሠርቼ ይህን አላውቅም ነበር አለች። እኔ በር ላይ ኮት ይዤ ቆሜ «የኔ ናት እኮ!» ብዬ ልጮኽ ምንም አልቀረኝም። ልቤ በደስታ ሊፈነዳ ነበር። ወይዘሮ ልሁን ያለችኝ ሴት ፕሮፌሰር ሆና አረፈችው!

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ወይንሸት ተዝናንታ ተቀመጠች። ፍራፍሬ አመጡላት፣ ተቀበለች። ተጨማሪ ትራስ ይምጣ ወይ ሲሏት አዎ አለች። በማግስቱ ጠዋት ደግሞ አልጋው ፊት ቆማ ጥቂት ታገለችና፣ እጇን ኪሷ ከተተችና፣ ዛሬስ አልነካውም፣ እንግዳ ነኝ፣ እነሱ ይሥሩት ብላ ወጣች። ሊፍቱ ጋ ደረሰች። አቤት እንዴት ኮራሁባት!

ችግሩ እኔ ወደ ኋላ ዞር ብዬ አልጋውን ማየቴ ነው። በተለይ በእኔ በኩል አህያ የተንከባለለበት ይመስላል። ትናንት ስድስት ሰው አፉን ከፍቶ ያየው አልጋ ዛሬ እንዲህ ሆኖ ይገኝ? ሐበሾቹ ምን ነክቷቸው ነው አይሉም? ይሉኝታ ያዘኝ። መነጽሬን ረሳሁ ብዬ ተመለስኩና፣ ሳብኩ፣ አጠፍኩ፣ ደበደብኩ፣ ትራሶቹን ደረደርኩ። ሠላሳ ዓመት ከባለሙያ ጋር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ለእኔ ዓይን አምሮ ነበር።

ቁርስ በልተን ስንሰናበት ኡላ በፊት ለፊት በር ቆማ ጠበቀችን። ልጆቹን የአልጋውን አነጣጠፍ ደግመው እንዲያዩ ብላ እኛ ቁርስ ላይ ሳለን ሁሉንም ወደ ክፍላችን ይዛቸው ወጥታ ኖሯል። የወይንሸትን እጅ በሁለት እጇ ያዘች። ፊቷ ላይ ሐዘን አለ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ አይዞሽ አለቻት፣ ጉልበት ያመመ ቀን ማንም ላይ ይደርሳል፤ ልጆቹንም እንዳይስቁ ተቆጥቻቸዋለሁ።

ወይንሸት መጀመሪያ አልገባትም። ከዚያ ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች።

እስከ ብሬዴንግ አላናገረችኝም። ይኸው ሦስተኛ ሳምንቴ ነው፤ በየጠዋቱ አልጋውን አስነጥፋኝ፣ አንዴ አይታ፣ ገፍፋ «እንደገና» ትለኛለች። ትናንት ግን ማዕዘኑን አየችና ምንም ሳትል ወደ ኩሽና አለፈች። ደስታዬን መቻል አቅቶኝ ለሊዲያ ደወልኩላት።