አያ ፈንታው ለሮክ ጊታሪስት ግጥም የሰጡ ዕለት

ሮክ ኮንሰርት ገብቼ አውቃለሁ ስል ማንም አያምነኝም። የት አገር ነው ደግሞ ትሉኝ ይሆናል። ሰቆጣ። ሳቁ እሺ፣ ሳቁና ጨርሱ፣ እጠብቃለሁ። የዚያን ቀን ከሳቀው ሕዝብ ጋር ሲተያይ የእናንተ ሳቅ ምንም አይደለም።

ባለፈው ሰሞን የሥራ ባልደረቦቼ በልጅነታቸው የገቡበትን ኮንሰርት እያነሱ ሲጫወቱ፣ አፌ አላርፍ ብሎ "እኔም አንድ ገብቻለሁ" አልኩ። እንዴት ነበር ሲሉኝ "ጥሩ ነበር" ብዬ ወሬውን ቆረጥኩት። ጥሩ አልነበረም። ሙዚቃውማ ምን ይወጣለታል፤ መጥፎው እኔ ነበርኩ። ለእነሱ መናገር አፍሬ ነው። ከእናንተ ጋር ግን ነገ ጠዋት ቢሮ ስለማንገናኝ ልንገራችሁና ይውጣልኝ።

ሚሊኒየሙ ሊገባ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት ነው። አሥረኛ ክፍል ነኝ። የተወለድኩበት መንደር ከሰቆጣ የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ስለሆነ ከተማ ቤት ተከራይቼ ነበር የምማረው። ብቻዬን አይደለም፤ ሦስት ሆነን አንዲት ክፍል። አንዱ ሀብታሙ ነው፤ ከበላ የማይናገር፣ ካልበላም የማይናገር ልጅ። ሌላው መላኩ ነው። መላኩ የአምደወርቅ ከተማ ልጅ ነው፣ አባቱ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ይሠራሉ፣ እሱ ደግሞ አንድ ክረምት አዲስ አበባ አክስቱ ጋ ከርሞ መጥቷል። አንድ ክረምት! እኛ ግን የዓለምን ሚስጥር ይዞ የተመለሰ ነበር የሚመስለን። ቴፕ ነበረው። ጂንስ ነበረው። "ጌታቸው" የሚለውን ስሜን አሳጥሮ "ጌች" ያለኝም እሱ ነው። ጌች ከተባልኩ በኋላ እኔም የሆንኩትን እንጃ፤ አረማመዴ ሁሉ ተቀየረ።

አባቴ የሞተው ገና ሳልጠግበው ነው። ያሳደጉኝ ታላቅ ወንድሙ፣ አያ ፈንታው ናቸው። በየገበያው ቀን ሌሊት ተነሥተው፣ አህያቸውን እየነዱ፣ ስንቄን ያመጡልኛል። በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽ። በእርግጥ "ያመጡልኛል" አልኩ እንጂ ለሦስታችን ነበር የሚበቃው፤ ሀብታሙ ብቻውን የሚበላውን ብታዩ!

ታዲያ እኔ ምን አደርግ መሰላችሁ? እኚህን ሰው አፍርባቸው ነበር። ጋቢያቸው አርጅቷል፣ ሱሪያቸው ጉልበቱ ላይ ተጥፏል፣ እግራቸው ላይ የጎማ ጫማ ነው። ድምፃቸውም ትልቅ ነው። ከመንገዱ ማዶ ሆነው በኽምጣኛ ሰላምታ ሲለቁብኝ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። እኔም አፌን የፈታሁበትን ቋንቋ የረሳሁ መስዬ በአማርኛ፣ ያውም በቀጭኑ፣ እመልሳለሁ። መላኩ አንድ ቀን "ሰውዬው ምንህ ናቸው?" ሲለኝ "የሰፈራችን ሰው ናቸው፣ ቤተሰብ ነው የሚልካቸው" አልኩት። ቤተሰብ! ከእሳቸው ሌላ ምን ቤተሰብ ነበረኝ? በሶውን አፌ ውስጥ ይዤ ነው እንዲህ ያልኩት።

ከዚያ ባንዱ ሊመጣ ነው ተባለ። ከአዲስ አበባ፣ ስለ ኤድስ ለማስተማር፣ እየዞረ የሚጫወት ባንድ። ሮክ መሆኑን ያወቅነው መላኩ ሮክ ነው ስላለን ነው። ሮክ ላይ ትከሻ አይመታም አለን፤ የሚወዘወዘው ጭንቅላት ነው። ሳምንቱን ሙሉ ተለማመድን። የተወለድነው ትከሻችንን ለመምታት ነው፤ አንገት ብቻውን እንቢ አለ። ሀብታሙ ግንባሩን ከግድግዳው አላትሞ ሁለት ቀን ትምህርት ቤት ቀረ። አከራያችን ልጆቹን ያማቸዋል ብለው ጠበል ይዘው መጡ።

ቀኑ የገበያ ቀን ነበር። ከቀትር በኋላ ኳስ ሜዳው ላይ የጭነት መኪና ቆመ፣ ጎኑን ከፈቱት፣ መድረክ ሆነ። ጄኔሬተሩ ተነሣ። ከገበያ የሚመለሰው ሰው ሁሉ ፍየሉንም እንስራውንም ይዞ ተሰበሰበ። ጊታሪስቱ ወጣ። ጸጉሩ ትከሻው ድረስ የወረደ፣ አንገቱ ላይ ትልቅ የብረት መስቀል ያንጠለጠለ፣ ሱሪው ሁለት ጉልበቱ ላይ የተቀደደ ልጅ። እኛ አገር እንዲህ ያለ ሰው አንድ ብቻ ነው፤ ባሕታዊ። ፊት የቆሙት እናቶች ነጠላቸውን አስተካክለው መስቀል ሊሳለሙ ተጠጉ። ልጁ ግራ ገባው፣ እጁን ዘርግቶ ጨበጣቸው። አንዷ "ምስኪን፣ ጉልበቱ ብርድ ይመታዋል" ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ይኸን እያየን ስንስቅ እኔ ከሁሉም በላይ ሳቅኩ። ባላገር ላይ መሳቅ ለእኔ ትልቅ ነገር ነበር፤ ባላገር አለመሆኔን ለመላኩ የማሳይበት ነው።

ሙዚቃው ጀመረ። የእግዜር ያለህ! መሬቱ ተንቀጠቀጠ፣ ፍየል ገመዷን በጥሳ ጠፋች። ስለ ኤድስ ምን እንዳሉ እስከ ዛሬ አላውቅም፣ ጊታሩ ዋጠው። እኛ ሦስታችን ጭንቅላታችንን እየወዘወዝን ነው። ሌላው ሕዝብ ዝም ብሎ ቆሞ ያያል።

አያ ፈንታው ሜዳው ጥግ ቆመው ኖሯል። ስንቄን አከራያችን ቤት አስቀምጠው፣ ጉድ ወደሚሰማበት መጥተዋል። አሁን እሳቸው ያዩትን እንደ እሳቸው እዩልኝ። ክር ያለው መሣሪያ ይዞ የሚጮህ ሰው ለእሳቸው አዝማሪ ነው። ለአዝማሪ ደግሞ ግጥም ይሰጡታል። "ተቀበል" ይሉታል፣ ይቀበላል፣ አሳምሮ በዜማ ይመልሰዋል፤ ቤቱም ይሞቃል። እንግዳው ልጅ ከአዲስ አበባ ድረስ መጥቶ ጉሮሮው እስኪነቃ ሲጮህ አንድ ሰው እንኳ ግጥም አልሰጠውም። ከተማው ሁሉ ተገትሮ ያየዋል። ይኼ ነውር አይደለም? በኋላ እንደሰማሁት "ሰቆጣ ላይ ሰው ጠፋ ወይ!" ብለው ነው ሕዝቡን ሰንጥቀው የተነሡት።

እኔ ያየኋቸው መድረኩ ላይ ሲወጡ ነው። ክው አልኩ። ዱላቸውን እንደያዙ ወጡ፣ ወደ ልጁ ሄዱ፣ ብር በምራቃቸው አርሰው ግንባሩ ላይ ለጠፉለት። ልጁ ደንግጦ እጁን ከጊታሩ አነሣ። ከበሮውም ቆመ። አያ ፈንታው ማይክራፎን የሚባል ነገር አያውቁም፤ አፋቸው አጠገብ ስለቆመ ግን ድምፃቸውን ወስዶ ለከተማው በተነው።

"ተቀበል!" አሉ።

"ሰቆጣ ከተማ በትምህርት ቤቱ ደጅ፣
ቀለም የጠገበ አለኝ የወንድም ልጅ!"

ልጁ አልተቀበለም። ምን ይቀበል? አፉን ከፍቶ ያያቸዋል። አልሰማኝ ይሆናል ብለው ደገሙለት። አሁንም ዝም። ያን ጊዜ ሕዝቡ መሳቅ ጀመረ። ቀስ ብሎ ከኋላ ተነሣና ሜዳውን ሞላው። እሳቸው የሚያስቀው ምን እንደሆነ አልገባቸውም፣ አብረው ፈገግ አሉ። ግጥሙ ማንን እንደሚያወድስ ሰዎቹ ያላወቁ መስሏቸው ነው መሰለኝ፣ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ሕዝቡን ቃኙ። "እዚሁ ነው ያለው! ጌታቸው! ልጄ፣ ብቅ በልና ይዩህ እንጂ!" አሉ።

መላኩ ዞር ብሎ አየኝ። "ጌች፣ አንተን ነው እንዴ?" አለኝ።

"እዚህ ሰቆጣ ስንት ጌታቸው አለ!" አልኩት።

አልኩ። በዚህ አፌ አልኩ። ከዚያ ጫማዬን ለማሰር ቁጢጥ አልኩ። የፕላስቲክ ጫማ ነበር ያደረግሁት፣ ክር የለውም። የሌለ ክር እያሰርኩ በሰው እግር መካከል ተደበቅሁ። ከላይ "ጌታቸው!" የሚለው ጥሪ ይመጣል። የከተማው ልጆች ተቀብለው "ጌታቸው! ጌታቸው!" እያሉ በጭብጨባ ያጅቡታል። አያ ፈንታው ግጥማቸውን የሚቀበል አጡ እንጂ ስሜን የሚቀበል አላጡም። ሁለት ዘበኞች መጥተው ክንዳቸውን ይዘው አወረዷቸው። ጊታሪስቱ "እናመሰግናለን አባባ" አለና ቀጠለ። እሳቸው ሲወጡ በእኔ በኩል ነበር ያለፉት። የጎማ ጫማቸውን አየሁት፤ እጄን ብዘረጋ እነካው ነበር። አልዘረጋሁም።

ልነሣ ነበር እኮ! አሁን እነሣለሁ፣ አሁን እነሣለሁ ስል አለፉ። እዚህ ላይ ራሴን ልከላከል ብሞክር አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር እላለሁ። ግን በአሥራ ሰባት ዓመቱ የሚያርስ፣ የሚያገባ፣ እናቱን የሚጦር ስንት አለ? አፈርኩ ነው። ያሳደገኝን ሰው አፈርኩበት።

ቤት ስንመለስ ስንቁ ተቀምጧል። እሳቸው ሄደዋል። ሀብታሙ፣ ያ የማይናገረው ልጅ፣ በሶውን እየበጠበጠ "ጥሩ ሰው ናቸው" አለ። እኔ የዚያን ቀን መብላት አቃተኝ።

በሚቀጥለው ገበያ ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ። ብቻ ይቆጡኝ፣ በዱላቸው ይምቱኝ፣ እወጣዋለሁ ብዬ ነበር። መጡ። ስንቄን ሰጡኝ፣ ጤናዬን ጠየቁኝ፣ ሄዱ። አንድም ቃል የለ። ከዚያ በኋላም ሁለት ዓመት ሙሉ በየገበያው እንዲሁ። አላዩኝም ይሆን? አይተውኝ ተቀይመው ይሆን? እስቲ ይኸን ይዛችሁ በሶ ብሉ!

ተማርኩ፣ ተመረቅሁ፣ ሌላ አገር ሥራ ያዝኩ። ስም ባላወጣሁለትም ያ ነገር አልለቀቀኝም። በመጨረሻ ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። ጸሎት ስግደት ያዝዙኛል ስል፣ ሄደህ ራሳቸውን ይቅርታ ጠይቅ አሉኝ። ስግደቱ በተሻለኝ ነበር። እጅ መንሻ ጋቢ ገዝቼ፣ መንገዱን ሁሉ የምናገረውን እየተለማመድኩ ሄድኩ። "አያ፣ ያን ቀን ሜዳው ላይ ነበርኩ፤ ሲጠሩኝ ሰምቻለሁ፤ አፍሬብዎት ነው፤ ይቅር ይበሉኝ።" ይኸው ነው፣ አጭር ነው።

አርጅተዋል። ጉልበታቸውን ስሜ ተቀመጥኩ። የጎረቤት ልጆች እንግዳ ለማየት በሩን ሞልተውታል። ጉሮሮዬን ጠርጌ "አያ፣ ያኔ ኳስ ሜዳው ላይ..." ከማለቴ ዓይናቸው በራ። "አየሁህ እኮ!" አሉ።

የያዝኩትን ጋቢ ወደ ራሴ ሳብኩት።

"ከላይ ሆኜ አየሁህ፣ ቁጢጥ ስትል። ሌላ ልጅ ቢሆን በሕዝብ ፊት ሲመሰገን ደረቱን ነፍቶ ይወጣ ነበር። አንተ ግን ምስጋናው አሳፍሮህ መሬት ገባህ። ስወርድ እንኳ ቀና ብለህ አላየኸኝም፤ ምን ዓይነት ጭምት ልጅ ነው ያሳደግሁት ብዬ ያን ሁሉ መንገድ ደስ እያለኝ ገባሁ። ትሕትናህን እንዳላበላሽብህ ብዬ ነው እስከ ዛሬ ያላነሣሁብህ።"

ለካስ መንደሩ ሁሉ ያውቀዋል። ልጅ በጉራ ሲናገር "የፈንታውን ጌታቸው አታይም?" እየተባለ ነው የሚገሠጸው። ስንት ልጅ በእኔ ተቀጥቷል መሰላችሁ!

"አያ፣ እንደሱ አይደለም፣ እኔ እኮ..." አልኩ። እጃቸውን አንሥተው ከለከሉኝ። "በቃ ተወው፣ አታስተባብል!" አሉ። ፊታቸውን አየሁት። ያን ደስታ ከእጃቸው ለመንጠቅ ልብ አጣሁ። ልብ አጣሁ ማለትም ማሳመር ነው፤ ፈራሁ። አንገቴን ደፋሁ፣ ዓይኔን መሬት ላይ ተከልኩ፣ ፊቴ ነደደ።

አያ ፈንታው ወደ ልጆቹ ዞሩ። "አያችሁ?" አሉ፣ "ይኸው፣ ተምሮ፣ ባለ ደመወዝ ሆኖ እንኳ!"

ልጆቹም እኔን አይተው፣ አንድ በአንድ፣ አንገታቸውን ደፉ።