የሰማይ ጥግ ሰዎችና ሽቅብ የሚፈሰው ውሃቸው

የሰደቡኝ ኅዳር አሥራ አምስት ቀን ሁለት ሺህ አሥራ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ ቅዳሜ፣ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ነው። ተሳዳቢው የሰማይ ጥግ መንደር የዕድር ዳኛ፣ ክቡር ጋሼ ሙሉቀን ናቸው። ሃያ ሦስት ሰው ሳቀ፤ ቆጥሬያለሁ። ሳቁን የጀመረው የዕድሩ ጸሐፊ ሞገስ ነው፤ እስከ ዛሬም ሸዋ ሮቢት መናኸሪያ ሲያየኝ ይጀምረዋል። እኔ ግን ቂም አልያዝኩም። ቀኑን ብቻ ነው የያዝኩት።

እንግዲህ ስለዚያች ታላቅ መንደር ላላወቀ ማሳወቅ ግዴታዬ ነው። ሰማይ ጥግ ከደብረ ሲና በላይ ገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠች፣ አሥራ ዘጠኝ ቤት ያላት መንደር ናት። ደመና በደጇ ገብቶ በጓሮዋ ይወጣል። ከእኛ ከቆለኞቹ የምትለይበት ደንብ አላት፤ ሰው የሚከበረው ቤቱ በቆመበት ከፍታ ነው። ላይ ቤት ያለው ቀድሞ ይናገራል፣ ታች ቤት ያለው ቀድሞ ይነሳል። ለቅሶ ላይ እንኳ የሚቀመጡት እንደ ቤታቸው ቅደም ተከተል ነው። ከሁሉ በላይ ያለው የጋሼ ሙሉቀን ቤት ነው። ቆርቆሮውን ነፋስ ሁለት ጊዜ ነቅሎ ታች ቤት ላይ ጥሎታል። ሁለቱንም ጊዜ ይቅርታ የጠየቀው ታች ቤቱ ነው።

ከሁሉ በታች ያለው የእትዬ እመቤት ቤት ነው። ምንጩ የሚፈልቀው እሳቸው ደጅ ነው። ፈጣሪ ይህን ሲያደርግ ዕድሩን አላማከረም።

በዚያ ዓመት ቧንቧና ታንከር በእርዳታ መጣላቸው። እኔ ሸዋ ሮቢት የቧንቧ ሥራ ስለምሠራ ተጠራሁ። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ውሃ ቁልቁል እንደሚሄድ የሚያስተምሩት ግን ከዚያ በፊት ነው።

«ጋሼ፣ መቅጃው ቦኖ ከምንጩ ዝቅ ብሎ ይቁም» አልኩ።

«ዝቅ? ዕድሩ እመቤት ደጅ ወርዶ ውሃ ሊለምን ነው?»

«ሞተር ከሌለ ውሃ ዳገት አይወጣም።»

ያን ጊዜ ነው የሰደቡኝ። «ስማ ጁነይድ፣ አንተ የምታውቀው የሽንኩርት ቦይ ነው። ቁልቁል የሚሄደው የቆላ ውሃ ነው፣ እንደ ሰዉ። የደጋ ውሃ ወገኑን ያውቃል!»

ሞገስ ሳቀ። የቀረውን ነግሬያችኋለሁ።

ታንከሩም ቦኖውም ጋሼ ሙሉቀን አጥር ሥር ቆሙ። ቃለ ጉባኤው «ውሃው የመንደሩን ክብር ከግምት ውስጥ በማስገባት ወደ ላይ እንዲመጣ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል» ይላል። ቧንቧው ሲከፈት አንዲት እንሽላሊት ወጣች። እሷም የሄደችው ቁልቁል ነው።

ለምረቃው ሦስት ቀን ቀርቶ ነበርና ሴቶቹ ከምንጩ በጀሪካን እየቀዱ፣ ዳገቱን እየወጡ ታንከሩን ሞሉት። የክብር እንግዳው ቧንቧውን ሲከፍቱ ውሃ ፈሰሰ፤ እልል ተባለ። መንደሩ ከምንጭ ከመቅዳት መላቀቁን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ተሰጠ። የምስክር ወረቀቱ ውሸታም እንዳይባል ደግሞ ለቤት ከምንጭ መቅዳት ተከለከለ።

ከዚያ ወዲህ ሴቶቹ በየማለዳው ከምንጩ ለታንከሩ ይወስዳሉ፤ ይህ መቅዳት አይባልም፣ ማስተላለፍ ይባላል። ዳገቱን ወጥተው ይገለብጣሉ። ከዚያ ተሰልፈው ከቧንቧው ይቀዱና ይወርዳሉ። እትዬ እመቤትም ከደጃቸው ያነሱትን ውሃ ላይ አድርሰው፣ ገልብጠው፣ ተሰልፈው ቀድተው፣ ተሸክመው ደጃቸው ይመለሳሉ። ልማት ማለት ይህ ነው።

ዘንድሮ ጉልበታቸው እምቢ አለ። «ከእንግዲህ ከደጄ እቀዳለሁ» አሉ። ዕድሩ ተሰበሰበ፦ ወይ ዳገቱን ይወጣሉ፣ ወይ ከዕድሩ ይወጣሉ። ሰባ ያለፋቸው፣ ልጅ የሌላቸው ሴት ናቸው። ከዕድር ከወጡ የሚቀብራቸው የለም።

እኔ ዘንድ ተደወለ፤ «ባለሙያ ይፈለጋል» ተባልኩ። ወላሂ፣ ይቅርታ ሊሉኝ መስሎኝ ነው የሄድኩት። ሸሚዝ ሁሉ ቀይሬያለሁ።

ዕድሩ ከምንጩ በላይ ባለው ዳገት ላይ እንደ ደንቡ ተደርድሯል። ጋሼ ሙሉቀን ከላይ ድንጋይ ላይ ሆነው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ጁነይድ፣ በጉዳዩ በጥልቀት ተመክሮበታል። እመቤት አልወጣም ብላለች። ቦኖው አይወርድም፣ የክብር ጉዳይ ነው። ስለዚህ ምንጩን ወደ ላይ አንሳልን።»

«ምንጩን?»

«ቁፋሮውን ጎረምሶቹ ያግዙሃል። አንተ ከፍታውን ብቻ ለካ። አይቻልም ካልክ ግን ውሳኔው ይጸናል፤ እመቤት ትሰረዛለች።»

ሞገስን አየሁት። አልሳቀም። ብዕሩን ይዞ መልሴን ሊጽፍ ይጠብቃል።

እትዬ እመቤት ግን አልጠበቁም። ጣሳቸውን ምንጩ ውስጥ ነክረው ሞሉና በዕድሩ ሁሉ ፊት ዘረጉልኝ። «ጠጣ ልጄ፣ ዳገት ወጥተህ መጥተሃል።»

«እመቤት! ለታንከሩ ነው የቀዳሽው?» ሲሉ ዳኛው ጮኹ።

«ለእንግዳ ነው። እንግዳ ይጠማዋል፤ ታንከር አይጠማውም።»

ጠጣሁ። ይሄኔ የጋሼ ሙሉቀን ሚስት ኤልሳቤጥ ከላይኛው መቀመጫዋ ተነስታ ወረደች፤ ጀሪካኗን ምንጩ ውስጥ ደፈቀች።

«ኤልሳቤጥ፣ ያ ለታንከሩ ነው አይደል?»

«ለወጥ ነው» አለች።

ከኋላዋ ሴቶቹ ሁሉ ጀሪካናቸውን ይዘው መጡ።

«ሰርዝ! ሁሉንም ሰርዝ!» አሉ ዳኛው።

ሞገስ መዝገቡን ገለጠ፤ ብዕሩ ግን አልወርድ አለው። «ጋሼ፣ በደንባችን የሚጀመረው ከላይ ቤት ነው። መጀመሪያ እርስዎን ልሰርዝ?»

ያን ቅዳሜ የሳቁብኝ ሁሉ ቀና ብለው ዳኛውን አዩ። ዳኛው ወደ እኔ ዞሩ። «ጁነይድ! ባለሙያው! ምንጩ ይነሳል ወይስ አይነሳም? ተናገር እንጂ!»

ጣሳውን ለእትዬ እመቤት በሁለት እጄ መለስኩና መንገዴን ጀመርኩ። ስሜን ሦስት ጊዜ ጠሩት፤ አልመለስኩላቸውም። ቁልቁለቱን ስወርድ ውሃው አጠገቤ ይወርድ ነበር።