የሸሕዲው ባሕር ጠላቂ

ውጭ አገር ደርሶ የተመለሰ ሰው ሁሉ ያወራል። ዐረብ አገር የከረመው ስለ ፎቁ ያወራል፣ ካርቱም የከረመው ስለ ድሮው ካርቱም ያወራል፤ ሰሚው ትንሽ ይታገሣል፣ ከዚያ ወሬ ይለውጣል። ከሁሉ የከፋው ግን ውጭ አገር ሄዶ በነፃ ሠርቶ የተመለሰ ሰው ነው። ገንዘብ ይዞ የመጣ ሰው ገንዘቡ ሲያልቅ ወሬውም አብሮ ያልቅለታል። በነፃ የሠራ ሰው ይዞት የመጣ ወሬውን ብቻ ስለሆነ እሱን ቆጥቦ፣ አብቃቅቶ፣ ዕድሜ ልኩን ይበላዋል።

በየከተማው አንድ እንዲህ ያለ አለ። የእኛ የሸሕዲው ክቡር ጠላቂ ባንተአምላክ ይባላል።

ባንተአምላክ የእማማ አሰፋች ልጅ ነው። ባሕር ዳር ገብቶ ስለ ዓሣ ተማረ፣ ጣና ላይ ዋና ለመደ። ከዚያ አንድ የፈረንጅ የጥናት ቡድን ባሕር የሚጠልቅ በጎ ፈቃደኛ ይፈልጋል ሲባል ሰምቶ አመለከተ፣ ማዳጋስካር ወሰዱት። ሥራው ባሕር ውስጥ ገብቶ ዓሣ መቁጠር ነበር። መቁጠር ነው ያልሁት፤ ማጥመድ የለበትም። ግማሽ ዓመት ሙሉ ቆጠረ። የአውሮፕላኑንና የቀለቡን ቻሉለት፣ ደመወዝ የሚባል ነገር አልነበረም፣ ሲጨርስ አመስግነው ሸኙት።

የተመለሰ ዕለት እማማ አሰፋች ፍየል አርደው ጎረቤት ጠሩ። ሻንጣው ሲከፈት ሁላችንም አንገታችንን አሰገግን። የወጣው የውኃ ውስጥ መነጽር፣ እንደ ዳክዬ እግር የተዘረጋ የጎማ ጫማና ሁለት ካናቴራ ነው።

"ለእናትህ አንዲት ዛጎል እንኳ አላመጣህም?" አልሁት።

ፊቱ ጠቆረ። "ጋሽ ዋሴ፣ ከባሕር ምንም አይወሰድም። እኛ እዚያ ማየት እንጂ መንካት የለም።"

እማማ አሰፋች ወደ ፍየሉ አጥንት እያዩ "ልጄ በጤና መጣልኝ፣ ይበቃኛል" አሉ። ድምፃቸው ግን የበቃው ሰው ድምፅ አልነበረም።

እኔ መናኸሪያው ፊት ለፊት የትራክተርና የውኃ ሞተር መለዋወጫ እሸጣለሁ። በሬ ላይ አግዳሚ ወንበር አለ፤ ከወንበሩ አጠገብ የሱዳን ጦርነት ከገዳሪፍ ያመጣት ሩፊዳ ሻይ ታፈላለች። ባንተአምላክ ወንበሩን ያዘ። ጠዋት መጥቶ ይቀመጣል፣ "እኛ እዚያ" ብሎ ይጀምራል፣ ፊልትሮ ሊገዛ የመጣ ሰው ስለ ማዳጋስካር ሰምቶ ይሄዳል፣ አንዳንዱ ፊልትሮውን ረስቶ ይሄዳል።

ሩፊዳ መጀመሪያ ቀን በትዕግሥት ሰማችው። "ያ ዞል" አለችው፣ አንተ ሰው ማለቷ ነው በአገሯ አጠራር፣ "ውኃ ገባህ፣ ያን ሁሉ ዓሣ ቆጠርህ፣ አንድም ሳትበላ ወጣህ?"

"አዎ።"

"ደመወዝም የለም?"

"በጎ ፈቃድ ነው።"

"ሚስኪን" አለችና ሳይጠይቃት ብርጭቆው ላይ ስኳር ጨመረችለት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእሱ ሻይ ከሁላችን ይጣፍጣል።

እንግዲህ ክቡርነታቸው ከባሕር ያመጧቸው ሦስት ሕጎች አሉ። አንደኛው "አይነካም" ነው። ባሕር ውስጥ ኮራል የሚሉት ድንጋይ የሚመስል ሕይወት ያለው ነገር አለ፣ በጣት ከነኩት ይሞታል አሉ። ስለዚህ ሱቄ ገብቶ ዕቃ ያነሳ ገበሬ ሁሉ "ማየት እንጂ መንካት የለም" ይባላል። ገበሬ ሳይነካ የሞተር ቀበቶ አይገዛም። ስንቱን ደንበኛ እንዳስኮረፈብኝ እኔ ነኝ የማውቀው።

ሁለተኛው "ቀስ ብሎ ነው የሚወጣ" ነው። ከጥልቅ ባሕር ባንዴ የወጣ ሰው ደሙ ይታወካል፣ መሐል ላይ ቆም ብሎ መጠበቅ አለበት። ይህ ለባሕር ይሁን፣ ማን ከለከለ። ባንተአምላክ ግን ከባጃጅም ሲወርድ ነው ቆም የሚል። አንድ እግሩ መሬት፣ አንድ እግሩ ባጃጅ ላይ፣ ከኋላው መኪና ጥሩንባ ይነፋል፣ እሱ ደሙን ያረጋጋል።

ሦስተኛውና የባሰው "ብቻህን አትግባ" ነው። ጠላቂ ያለ ጓደኛ ውኃ አይገባም፤ ከመግባታቸው በፊትም አንዱ የአንዱን ዕቃ ይፈትሻል። እኔ ሽንፋ ለመሄድ መናኸሪያ ስቆም ክቡርነታቸው ከተፍ ይላሉ። "ጋሽ ዋሴ፣ ውኃ ይዘዋል? ባርኔጣስ? ስልክዎ ሞልቷል?" እያለ ኪሴን ይዳብሳል። አገር እያየኝ ኬላ ላይ እንደተያዘ ኮንትሮባንዲስት እጄን ዘርግቼ እቆማለሁ። በሰሊጥ አጨዳ ጊዜ ደግሞ ከደጋ ለቀን ሥራ የመጡትን ሳሉጎች ጥንድ ጥንድ ካልሆናችሁ ብሎ እርሻ መሐል ቆመ። አንድ የጎጃም ሰው ማጭዱን ትከሻው ላይ አድርጎ "እኔ ስወለድም ብቻዬን ነበርሁ፣ ተወኝ ወንድሜ" አለው።

የገበያውንስ ነገር ማን ይረሳል። ባሕር ውስጥ ዓሣ የሚቆጠር ገመድ ተዘርግቶ፣ ገመዱን ተከትሎ ግራና ቀኙን በማየት ነው አለን። እንዴት ብሎ የጠየቀው አልነበረም። ቅዳሜ ዕለት ገመዱን በፍየል ተራ መሐል ለመሐል ወጠረና ቀስ እያለ ይራመድ፣ ወዲህና ወዲያ እያየ ከንፈሩን ያንቀሳቅስ ጀመር። የፍየል ነጋዴ እንዲህ ያለ ሰው ሲያይ የሚያስበው አንድ ነገር ነው። ግብር መጣ ተባለ። ክቡርነታቸው ገመዱ ጫፍ ሲደርሱ ፍየል የሚባል ፍጥረት ተራው ላይ አልነበረም፣ እኔም ለዓመት በዓል የያዝሁት ሙክት አብሮ ተነዳ።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ችዬ ሳለሁ ነው የእህቴ ነገር የመጣ።

እህቴ አየሁሽ ሽንፋ ወንዝ ዳር ሽንኩርት ታለማለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጆቿን የምታኖር በዚያ ነው። በበጋ ወንዙ ይቆራረጥና ኩሬ ኩሬ ሆኖ ይቀራል፤ ካንዱ ጥልቅ ኩሬ በሞተር እየሳበች ታጠጣለች። መጋቢት ላይ፣ ሽንኩርቱ ራስ በቋጠረ ሰዓት፣ ዳርቻው ተናደና ሞተሩ ኩሬው ውስጥ ገባ።

"ወንድሜ፣ ሞተሬ ሰጠመ" አለችኝ በስልክ። "የሰው ሞተር እንዳልዋስ ሁሉም እያጠጣ ነው። በዚህ ፀሐይ ሽንኩርቱ ሳምንት አይጠብቀኝም።"

የሽንፋ ጎረምሶች ገብተው ነበር። ውኃው ድፍርስ ነው፣ ጥልቅ ነው፣ በዚያ ላይ ደግሞ አዞ አለ የሚል ወሬ አለ፤ አንድ ሁለቴ ሞክረው ተዉት። እኔም "አይዞሽ፣ እኛ ጠላቂ አለን" አልኋት። ለእህቴ አዝኜ ነው ያልሁት። ግን ዛሬስ የዚህ ሰውዬ ወሬ ይለይለታል ብዬ አንጀቴ ቅቤ መጠጣቱን አልክድም።

ባንተአምላክ ነገሩን ሲሰማ ስለ ማዳጋስካር አንድም ቃል አልተናገረም። "እሽ" አለና መነጽሩን ሊያመጣ ሄደ። ይህ ራሱ አስደነገጠኝ።

ኩሬው ዳር ስንደርስ የሽንፋ ሰው ተሰብስቧል። ተንበርክኮ ውኃውን አየው፣ በእጁ ዘግኖ አየው፣ ከዚያ ቀና ብሎ "ጓደኛዬ ማን ነው?" አለ። ጎረምሶቹ ሳቁ። ማንም አልወጣም።

"እኔ እንዳልሆን ዋና አልችልም" አልሁ።

"መዋኘት የለብዎትም ጋሽ ዋሴ። ገመዱን ይይዛሉ። እኔ ውስጥ እስካለሁ ድረስ ሌላ ነገር አያስቡም፤ የጓደኛ ሥራ ይኸው ነው።"

ሕዝብ ፊት ፈተሸኝ። ቀበቶዬን፣ መዳፌን፣ ቁርስ መብላቴን ሁሉ ጠየቀ። ገመዱን ወገቡ ላይ አሰረ፣ ሌላውን ጫፍ ለእኔ ሰጠኝ። ደጋግሞ ሲስብ እንድንጎትት ነግሮን ገባ።

ወዲያው ወጣ። መነጽሩ ጭቃ ለብሷል። "ምንም አይታይም" አለ።

"ማዳጋስካርስ?" አለው አንዱ ጎረምሳ።

"እዚያ ውኃው እንደ መስተዋት ነው" አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ "እኛ" አላለም። ሰው ሲስቅ እኔም አብሬ ልስቅ ነበር፤ ግን አየሁሽን አየኋት። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ እሱን ብቻ ታያለች።

መነጽሩን አውልቆ ለእሷ ሰጣትና ሌላ ገመድ ጠየቀ። ከዳር እስከ ዳር ኩሬው ውስጥ አስወጠረው፣ ጫፎቹን ድንጋይ አሳሰረባቸው። ገመዱን በአንድ እጁ ይዞ፣ በሌላው የኩሬውን ወለል እየዳበሰ ይሄዳል፤ ትንፋሽ ሲያጥረው ይወጣል፣ ደግሞ ይገባል። ዳር ሲደርስ ገመዱን ፈቀቅ ያደርጉለትና እንደገና ይጀምራል። "ፍየል ይቆጥራል" አለ አንዱ ከኋላዬ፤ ይህም ወሬ ሽንፋ ደርሷል ለካ። መንካት የለም ሲል የኖረው ሰውዬ ከኩሬው ጭቃ ሳይነካው የቀረ የለም።

ብዙ ቆየ። ከዚያ ገመዱ እጄ ውስጥ ደጋግሞ ተሳበ። "ጎትቱ" አልሁ። ጎረምሶቹ ያዙ፣ ጎተትን፣ ከበደ፣ እንደገና ጎተትን፤ የእህቴ ሞተር ጭቃውን እያንጠባጠበ ወጣ። አየሁሽ እልል አለች።

እኔ ገመዱን አየሁ። ሞተሩ እጀታ ላይ የታሰረው ከወገቡ የነበረው ገመድ ነው። ባንተአምላክ ጫፉ ላይ የለም።

ውኃው ተረጋግቶ ተኝቷል። እልልታው ቆመ። እኔ ምን እንዳደረግሁ አላውቅም፤ ራሴን ያገኘሁት ውኃው አንገቴ ላይ ደርሶ፣ ስሙን እየጠራሁ ነው። እማማ አሰፋችን ምን እላቸዋለሁ የሚል ብቻ ነበር ጭንቅላቴ ውስጥ። ያን የሱቄን ወንበር ባዶውን በሐሳቤ አየሁት።

ከወዲያ ማዶ፣ አፈሩ ከተናደበት የዛፍ ሥር አጠገብ፣ ጭቃ የለበሰ ራስ ብቅ አለ። ሥሩን ተደግፎ ሲያለከልክ ቆየና ዓይኑን ጠርጎ አየኝ።

"ጋሽ ዋሴ" አለኝ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ፣ "ማን ፈትሾዎት ነው የገቡ?"

ጫማዬ ከእግሬ፣ ስልኬ ከኪሴ ነበር። ጎረምሶቹ ሁለታችንንም አወጡን። ለምን ገመዱን እንደፈታ ስጠይቀው "ሌላ ገመድ ልቀበል ብወጣ የሞተሩ ቦታ ይጠፋብኛል" አለ። አቅፌ ሰደብሁት። የማውቀውን ስድብ ሁሉ ጨረስሁበት፣ እሱ ግን ቆሞ ደሙን ያረጋጋ ነበር።

ሞተሩን አውርጄ ፈታሁት፣ ውኃውን አፈሰስሁ፣ ዘይቱንና ፊልትሮውን ለወጥሁ። በማግሥቱ ተነሳ፣ ሽንኩርቱም ጠጣ። የእኔ ስልክ አልተነሳም።

ዛሬም ወንበሩ ላይ ነው። ዛሬም ደንበኛ ያስኮርፍብኛል። ባለፈው ለእርሻ ሥራ አብደራፊ ወርዶ ሲሰነብት ጊዜ ግን ሱቁ ጭር አለብኝ፤ ናፈቀኝ፣ ምን ልበል። ለመንገድ ስወጣ የሚዳብሰኝ አጥቼ ኪሴን ራሴ ዳበስሁ።

ትናንት አንድ የሽንፋ መንገድ ሾፌር የነዳጅ ፊልትሮ ሊገዛ መጣ። ባንተአምላክ መኖሩን አላየም። "ያ ዓሣ ቆጣሪያችሁ ዛሬ የለም? ዋናስ ይችላል ለመሆኑ?" አለኝ እየሳቀ።

ደሜ ፈላ። "ስማ" አልሁት። "የማታውቀውን አታውራ። እኛ እዚያ ኩሬው ውስጥ በገባን ጊዜ…"

"እርስዎ እስከ አንገትዎ ነው የገቡ" አለ ባንተአምላክ ከወንበሩ።

ሰምቼ እንዳልሰማ ሆኜ ቀጠልሁ። የውኃውን ጥልቀት ነገርሁት፣ የገመዱን አያያዝ አሳየሁት፣ አዞዋንም ጨመርሁ። ሾፌሩ ፊልትሮውን ረስቶ ሄደ።

ሩፊዳ ከማንቆርቆሪያዋ ቀና ብላ አየችኝ። ብርጭቆዬን ወሰደችና ሳልጠይቃት ስኳር ጨመረችልኝ።