ፋሻ የታሰረለት ጉበት

እናንተዬ፣ በእኛ ሰፈር በሽታ የሚከበረው ሲታይ ነው። እግሩ ለተሰበረ ወንበር ይለቀቅለታል፤ ራሱን ያመመው ግን እንጨት ፍለጥ ይባላል። ጉበትማ ከጎድን አጥንት ሥር ተሸሽጎ እየኖረ ማን ይቆጥረዋል! ኦፕሬሽን ግን ማዕረግ ነው። ኒውላንድ በሚባለው ሰፈራችን ውስጥ ሸሚዙን ገልጦ ጠባሳውን ያላሳየኝ ሽማግሌ የለም፤ እርግጥ እኔ ሳወራ ግማሹን መቀነስ ነው።

ጎረቤቴ ጋትሉዋክ ለዚህ ማዕረግ ተቃርቦ ነበር። አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ሻንጣ ሲጭን ኖሮ ኖሮ እምብርቱ ወደ ውጭ ወጣና የደረሰ ማንጎ አከለ። ሆዱም አብሮ ተነፋ። ኦፕሬሽን ሊደረግ ነው ሲባል ቸርቹ ሁሉ ጸለየ፣ መዘምራኑ እስከ ሆስፒታሉ በር ዘመሩለት፣ እህቱ ኛቦል አለቀሰች። እኔም አስታማሚ ሆኜ ፌስታል ይዤ ተከተልኩ።

ሐኪሙ ማንጎውን ትቶ ዓይኑን አየ። ቢጫ ነው። ሆዱን በጣቱ መታ መታ አደረገ፣ ደሙን አስመረመረ። ከዚያ ቁጭ አለና፣ «ወንድሜ፣ የሚያሰጋኝ እምብርትህ ሳይሆን ጉበትህ ነው። አሁን ብቀድህ ደሙ አይቆምልኝም፤ ቁስሉም ውሃ እያንጠባጠበ አልገጥም ይላል። መጀመሪያ የሆድህ ውሃ ይጉደል» አለው። ክኒን ሰጠው። ጨው እንዲተው፣ መጠጥማ ከነካ ቢላዋም ሳያስፈልገው እንደሚሞት ነገረው።

ጋትሉዋክን ያስጨነቀው ሞቱ መሰላችሁ? ሳይቀደድ መመለሱ ነው እንጂ! በመዝሙር የተሸኘ ሰው እንዴት በክኒን ይመለሳል? ፋሻ ገዛንና ባጃጅ ውስጥ ጠመጠምኩለት። ሆዱን ለመዞር የፈጀው ፋሻ የባሮን ድልድይ ደርሶ መልስ ይዘረጋ ነበር።

ጠያቂ ጎረፈ። ጨው የጠገበ ደረቅ ዓሣ መጣ፤ አንዱማ አረቄ በውሃ ፕላስቲክ ደብቆ ገባ። ጋትሉዋክም እጁን ዘረጋ። ጉበቱ ታሟል ብላቸው፣ አረቄ ለጉበት ፍቱን ነው ብለው ይከራከሩኛል። ስለዚህ ወደ ፋሻው ጠቆምኩ።

«ጨው ከበላ፣ መጠጥ ከቀመሰ፣ ስፌቱ ይፈታል።»

ዓሣው ተመለሰ። አረቄውን ያመጣውም ወጥቶ ደፋው፤ በጉሮሮው በኩል ይመስለኛል። ኛቦል ጨው የሚባል ነገር ከቤት አስወጣች። ጋትሉዋክ ራሱ በሌለው ስፌት አመነ፤ ሲያስነጥሰው እንኳ ሆዱን ደግፎ ይይዛል።

ወራት አለፉ። ሆዱ ጎደለ፣ ዓይኑም ነጣ። ሐኪሙ አደጋው ቀነሰ እንጂ አልጠፋም፣ አሁን ግን መቅደድ ይቻላል አለ። ለሰፈሩ ምን ይባል? «ፋሻ ሊቀየርለት ነው» አልን። መዘምራን የለ፣ ለቅሶ የለ። ኛቦል እንኳ ገበያ ሄደች። እውነተኛው ቢላዋ ሲመጣ የሸኘሁት እኔ ብቻ ነኝ።

በሩ ላይ እጄን ጨበጠ።

«አንተ፣ ያኔ የጸለዩት ለዛሬ ይሆናል?»

«ጸሎት ዓሣ አይደል፣ አይበላሽም» አልኩት።

አልተበላሸም፤ በሕይወት ወጣ። አሁን ሸሚዙን ገልጦ ጠባሳውን ሊያሳይ ሲሞክር ሰፈርተኛው፣ «አውቀነዋል፣ የቆየ ነው» እያለ ያልፈዋል። ጨው ግን እስከ ዛሬ የሚያቀርብለት የለም። ስፌቱ እንዳይፈታ።