ዓሣ የናቀው ስፌቴ

በሞሰብ ስፌት እጄን የሚያክል እጅ ሸሕዲ ውስጥ የለም። እኔ አይደለሁም የምለው፤ አገር ነው። እንዲህ ያለሁትን ሴት አንድ ዓሣ ናቀኝ ብል ታምኑኛላችሁ?

አንድ ዓመት፣ ሰሊጥ በሚታጨድበት ወራት፣ ሽማግሌዬን፣ ባሌን፣ ወባ ጣለው። ትኩሳቱ ለቀቀው፤ የምግብ ፍላጎቱ ግን አልተመለሰም። ሳምንት ሙሉ የጎረሰውን ይተፋል። ክንዱ እንዝርት አከለ። በመጨረሻ ዓሣ ቢሆን እቀምስ ነበር አለ። ዓሣ ከየት ይምጣ? አጥማጁ ሁሉ አጨዳ ገብቷል።

ጎረቤታችን መላኩ፣ የጤና ጣቢያው ቁስል አሳሪ ድሬሰር፣ ማጥመድ ያውቃል። ትል ቆፍሬ ወሰድኩለት። በትል የሚመጣው አምባዛ ነው አለኝ። አምባዛ ደግሞ ቅርፊት የለው፤ ሽማግሌዬ ቢሞት አይነካውም! ቅርፊት ያለው ዓሣ የሚለቅመው ወንዝ ውስጥ፣ ድንጋይ ሥር የምትኖር፣ ገና ክንፍ ያላበቀለች ትንኝ ነው አለ። እሷን አስመስሎ በላባና በክር መንጠቆ ላይ ማሰር ከአንድ ፈረንጅ ሐኪም ተምሯል። ምን ያደርጋል፣ መነጽሩ ተሰብሯል።

"ወዲህ በል!" አልኩት።

ትንኟን ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ አድርጌ፣ ወገቧ ላይ የሙሽራ ሞሰብ ጥለት አወጣሁላት። ክንፍም ጨመርኩ፤ ለምን ይጉደልባት? እሑድ ወንዝ ወረድን። ውሃው ጠርቷል። አንዱ ዓሣ መጣ፣ አያት፣ ዞሮ ሄደ። ሁለተኛውም እንደዚያው።

መላኩ በሳቅ ሞተ። "እማማ፣ ሊበላት እንጂ ሊያገባት እኮ አይደለም! ጭቃ የመሰለች፣ የተጎሳቆለች ያድርጓት።"

የተጎሳቆለ ነገር ከእጄ ወጥቶ አያውቅም። ግን ያ እንዝርት ያከለ የሽማግሌዬ ክንድ ትዝ አለኝ። ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ጌጧን ሁሉ ፈታሁት። ከጆንያ የመዘዝኩት ክር፣ ከጅግራ ላባ ሦስት ጭራ፣ አለቀ። ስታስጠላ! መላኩ ወደ ታች ለቀቃት። ወራጁ ይዟት ሲሄድ የመንጠቆው ናይሎን ድንገት ቆመ። መላኩ ሳበው። ቅርፊቱ የሚያብለጨልጭ፣ ክንድ የሚያህል ዓሣ!

ሽማግሌዬ ጎረሰ። አልተፋም። ደገመ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ "ጨው ይጎድለዋል" አለኝ። ሌላ ቀን ቢሆን ሳህኑን ከፊቱ አነሳ ነበር። ያን ቀን እልል አልኩ። ነቃፊው ባሌ ተመልሶልኛል! እግዜር ይስጥልኝ፣ መላኩንም፣ ጅግራዋንም፣ ዓሣውንም።

ትንኟ ዛሬም ግድግዳዬ ላይ፣ ከሞሰቦቼ ጎን ተሰክታለች። ባየኋት ቁጥር ተመስገን እላለሁ። እንግዳ ይቺን ማን ሠራት ሲለኝ ግን ድሬሰሩ ነው እላለሁ። ምን ላድርግ፣ ስም አለኛ!