ለወጉ ያህል እምቢ ማለት

ውሃ የማይመጣበት ኮንዶሚኒየም ሞልቷል፤ መብራት የሚጠፋበትም እንደዚያው። ስለ ሴቶች እኩልነት ንግግር የሚያደርግ አንድ ጡረተኛ ወንድ የሌለበት ኮንዶሚኒየም ግን በዚህች ከተማ ውስጥ የለም። አለ የሚል ሰው ስብሰባ ገብቶ አያውቅም ማለት ነው። ለቡ መብራት ኃይል ላሉት ለብሎክ አሥራ ሁለት ሰዎች በእጣ የደረሷቸው ክቡር አቶ ገብረ መድኅን ናቸው።

ክቡርነታቸው መሥሪያ ቤት ሳሉ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሥርዓተ ጾታ አሠልጣኝ ነበሩ። ዛሬም ዳቦ ሊገዙ ሲወጡ የሥልጠና ቦርሳቸውን አንግተው ነው። አውቶቡስ ውስጥ ከገቡ የተቀመጠውን ጎረምሳ ሁሉ በግልምጫ ያስነሡና «እህታችን ትቀመጥ!» ይላሉ። እህታችን «አባባ፣ እኔ እኮ ወራጅ ነኝ» ብላ እስክታስረዳ በሩ ይዘጋል፣ ምስኪን አንድ ፌርማታ አልፋ በእግሯ ትመለሳለች።

ስብሰባ ላይማ አይነሣ! ስብሰባው ግቢው ውስጥ ስለሆነ ሰዉ ከሕንፃው ጥላ ሥር ይሰበሰባል። እሳቸው ግን «እህቶቻችን ከኋላ አይቀመጡም፤ ወደፊት!» ብለው ሴቶቹን በሙሉ ወደ ፊተኛው ወንበር ያመጧቸዋል። የፊተኛው ወንበር ፀሐይ ላይ ነው። ወንዶቹ ጥላቸው ሥር እንደተቀመጡ ያጨበጭባሉ። ከዚያ «ዛሬ እኔ ዝም እላለሁ፣ እህቶቻችን ይናገሩ» ብለው ይጀምሩና ወንድ ልጅ ዝም ማለቱ ለአገር ያለውን ጥቅም ሲያብራሩ አርባ ደቂቃ ይሄዳል። «የቤት ውስጥ ሥራ የጋራ ነው» የሚለውን ዝነኛ ንግግራቸውንም የሚለማመዱት ልጃቸው ቤዚ ሸሚዛቸውን ስትተኩስላቸው ነው።

ደግሞ ክፉ ሰው እንዳይመስሏችሁ። ቤዚ ምሕንድስና ልማር ስትል ዘመድ አዝማዱ ተሰብስቦ «ኧረ ለሴት ልጅ ይከብዳል» ማለት ሲጀምር፣ «ሻያችሁን ጠጡና ሂዱ!» ብለው ጉባኤውን የበተኑት እሳቸው ናቸው። ከልባቸው ነው የሚያምኑበት። ችግራቸው የሚያምኑበትን ነገር ሲናገሩ የገዛ ድምፃቸው በጣም ደስ የሚላቸው መሆኑ ነው።

ስድስት ዓመት የብሎኩ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆነው ሲቀመጡ ምክትላቸው አፀደ ነበረች፣ አራተኛ ፎቅ የምትኖረዋ የሁለት ልጆች እናት፣ የሂሳብ መምህርት። ሰብሳቢው ንግግር ያደርጋሉ፣ ሥራውን አፀደ ትሠራለች። ትራንስፎርመሩ የተቃጠለ ጊዜ ዳቦዋን ቦርሳዋ ውስጥ ይዛ የመብራት መሥሪያ ቤቱ ኮሪደር ላይ ሦስት ቀን ተቀምጣ፣ ሠራተኞቹ ሲሰለቻቸው ጊዜ መኪና አስነሥተው አብረዋት መጡ። የውሃ ተራ ያወጣችው እሷ፣ በቆሻሻ መጣያው ሰበብ የተጣሉትን ጎረቤታሞች ያስታረቀችው እሷ። መብራቱ በመጣ ማግስት አቶ ገብረ መድኅን «በኮሚቴያችን ብርቱ ትግል...» ብለው ሲጀምሩ ከፊት ተቀምጣ በትዕግሥት ታጨበጭብ ነበር።

ይህን ሁሉ እሳቸውም ያውቃሉ። ደንቡ ሰብሳቢ ከሁለት ዙር በላይ አይቀመጥም ይላል፣ ሁለተኛው ዙር ሊያልቅ ሲል «ከአፀደ ሌላ ማን ይሆናል?» እያሉ ቤታቸው ውስጥ ሲፎክሩ ከረሙ። እንዲያውም አንድ ቀን ደረጃ ላይ አግኝተዋት «አፅዬ፣ ተዘጋጂ» አሏት። ሳቀችና ዐይኗን ሰበር አድርጋ «እስኪ እግዜር ያውቃል፣ ጋሼ» አለች። ዐይኖቿ ውስጥ የነበረውን ደስታ አይተዋል። በኋላ ያንገበገባቸውም እሱ ነው።

እንግዲህ የእኛ ሰው ምርጫ ወግ አለው። የተጠቆመ ሰው በመጀመሪያው «እሺ» ካለ ሥልጣን የጠማው ተደርጎ ይታማል። ጨዋ ሰው ተነሥቶ «እኔ አልችልም፣ ከእኔ የተሻለ ሰው አለ» ይላል። ሕዝቡ «ኧረ በፍጹም!» ይላል። ሰውዬው ጊዜ የለኝም ይላል፣ ሕዝቡ ይለምናል። ሰውዬው ጤናዬም ይላል፣ ሕዝቡ ይቆጣል። ከዚያ «በሉ እንግዲህ፣ ካላችሁ» ብሎ እያዘነ ወንበሩ ላይ ጉብ ይላል። አቶ ገብረ መድኅን ራሳቸው ያኔ ሲመረጡ ሦስቴ እምቢ ብለው፣ በክንዳቸው ተጎትተው ነው የወጡት።

የምርጫው እሑድ ደረሰ። ምድር ቤት ያሉት ሴትዮ ተነሥተው አፀደን ጠቆሙ፣ ግቢው በጭብጨባ ተናጋ። አቶ ገብረ መድኅን ከሁሉም በላይ አጨበጨቡ። አፀደ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች፣ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ እንደያዘች።

«አመሰግናለሁ። ግን እኔ አልችልም፤ ከእኔ የተሻለ ሰው ይመረጥ» አለችና እንደ ጨዋ ሰው አቀርቅራ ጠበቀች።

ሰዉ «ኧረ በፍጹም!» ሊል አፉን ሲከፍት ክቡር ሰብሳቢው እጃቸውን አነሡ። የአሥራ አንድ ዓመቱ ሥልጠና በአንድ ጊዜ ተነሣባቸው።

«ጸጥታ!» አሉ። «እህታችን አልችልም ብላለች። ሴት ልጅ አይሆንም ካለች አይሆንም ነው! እዚህ ብሎክ ውስጥ ሴትን ማንም አያስገድድም! ፈቃዷን እናክብር!»

ወይ ጭብጨባ! እንደዚያ ቀን ተጨብጭቦላቸው አያውቅም። አፀደ ጥቂት ቆማ ቆየች። አንድ ነገር ልትናገር ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፣ ጭብጨባው ግን አላቋርጥ አለ፤ ተቀመጠች።

ቀጥሎ ሰዓቱ ካለፈ የመጣ፣ ከዚያ በፊት ለስብሰባ ታይቶ የማያውቅ አባይነህ የሚባል ነጋዴ ተጠቆመ። «ኧረ ተዉኝ፣ እኔ ጊዜ የለኝም» አለ። «ወንድሜ አባይነህ፣ ሕዝብ ሲጠራ ጀርባ አይሰጥም!» አሉ አቶ ገብረ መድኅን። ሦስቴ እምቢ አለ፣ ሦስቴ ለመኑት፣ ተመረጠ። ለስላሳ ተጠጥቶ ስብሰባው ተበተነ።

እየተፍለቀለቁ ቤታቸው ገቡና ንግግራቸውን ለቤዚ ከመጀመሪያው አወሩላት። ልጅቷ እስኪጨርሱ ሰማችና «አባዬ፣ አንተ ስትመረጥ ስንት ጊዜ ነበር እምቢ ያልከው?» አለች።

«ሦስት ጊዜ። ወጉ ነዋ!»

«አባይነህስ?»

«እሱም ሦስት...» አሉና ቆሙ።

«አፀደስ?»

እራት ቀርቦ አንድ ጊዜ ጎረሱና ተዉት።

ያን ዕለት ወዲያው አራተኛ ፎቅ ወጥተው ቢሆን ኖሮ! ግን እልህና ሀፍረት ተጋግዘው ሁለት ወር ያዟቸው። በዚህ መሃል የውሃው ሞተር ተቃጠለ። አባይነህ ስልክ አያነሣም። ሰዉ ጄሪካን ተሸክሞ ደረጃ ለደረጃ ማለክለክ ጀመረ። የአፀደን በር ሲያንኳኩ በትሕትና «ሰብሳቢውን ጠይቁ» ትላለች። ሞተሩ በተቃጠለ በሦስተኛው ሳምንት አቶ ገብረ መድኅን ሸሚዛቸውን ራሳቸው ተኩሰው፣ አንገትጌውን አቃጥለው፣ ወደ ላይ ወጡ።

«አባይነህ ሊለቅ ነው። ሌላ ስብሰባ እንጠራለን። አንቺ ትሆኛለሽ» አሏት በሩ ላይ እንደቆሙ።

«ይቅርብኝ፣ ጋሼ።»

«ኧረ በፍጹም! ከአንቺ ሌላ ሰው የለም!»

«አልፈልግም።»

«አፅዬ፣ በእመቤቴ! አንቺን ነው ሰዉ የሚፈልገው!»

«ጋሼ፣ የአሁኑ የምሬን ነው» አለች። አልተቆጣችም፣ የደከማት ትመስል ነበር። «ያን ቀን አንዲት ጊዜ 'ኧረ ተይ' ቢሉኝ እሺ እል ነበር። በጣም ጓጉቼ ነበር። አሁን ከውስጤ ወጣ።»

«አጠፋሁ፣ ልጄ።»

«እርስዎማ ያከበሩኝ መስሎዎት ነው። አውቃለሁ። ተንኮል ቢሆን እኮ ተጣልቼዎት ይወጣልኝ ነበር።»

ወደ ውስጥ ገብታ አንድ የታጠፈ ወረቀት ይዛ ተመለሰች። «ይሄን ይውሰዱልኝ። መሳቢያዬን በከፈትኩ ቁጥር ያናድደኛል» አለችና ደኅና ይዋሉ ብላ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

ሦስተኛው ፎቅ ላይ ሲደርሱ መነጽራቸውን አውጥተው ከፈቱት። ከደብተር የተገነጠለ ወረቀት ነው፣ የአስተማሪ ጥርት ያለ ጽሑፍ፤ ራስጌው ላይ የምርጫው እሑድ ቀን ተጽፎበታል። እንዲህ ይላል፦

«የተከበራችሁ ጎረቤቶቼ፣ ሦስት ጊዜ እምቢ ስላችሁ ሦስቴም ስላልተቀበላችሁኝ አመሰግናለሁ። እምቢ ያልኩት ለወጉ ነው፤ ይህን ሥራ እወደዋለሁ። ከሁሉም በላይ ጋሼ ገብረ መድኅንን አመሰግናለሁ። እሳቸው ባይገፉኝ ኖሮ ዛሬ እዚህ አልቆምም ነበር።»

ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። ጄሪካን የተሸከሙ ሰዎች በአጠገባቸው ወጡ፣ ወረዱ፤ «ምነው ጋሼ፣ አመመዎት?» ያላቸውም ነበር። ያ ሁሉ ንግግር የሚያውቅ ሰው አንዲት ቃል አጥቶ፣ በተቃጠለ አንገትጌ ተቀምጦ ሲታይ አንጀት ይበላል። የሳቁባቸው ሁሉ ያን ቀን ቢያዩዋቸው ይወዷቸው ነበር።

ቤታቸው ሲገቡ ቤዚ ከመቀመጫዋ ተነሣች። «እሺ አለች?»

«እሺ ብላ ነበር» አሉ ወረቀቱን እየሰጧት። «እኔ ነኝ ያልሰማኋት።»